ኪሱ ውስጥ የሚመታ ልብ

«አምጣ።»

አጎት እጁን ዘረጋ። በሌላው እጁ የበረዶ ሳጥን አንጠልጥሏል።

ጉጠት አልሰጠውም። የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል በማሽን ጩኸት ይናወጣል፣ ወለሉ በሳሙና ውሃ ርሷል፣ እሱ ግን ሳጥኑ ላይ አፍጥጦ ቀረ። ሁለቱ ብልቃጦች በውስጥ ኪሱ፣ ገላው እንዲያሞቃቸው ደረቱ ላይ ተለጥፈዋል።

ጉጠት የምስጢር ስሙ ነው፤ «አጎት»ም የአለቃው። መድኃኒት ፋብሪካው ውስጥ የሚያውቁት በሴል አሳዳጊነቱ ነው። ሴሎችን ይመግባል፣ ያጥባል፣ ሙቀታቸውን ይጠብቃል። ባልደረቦቹ «አስታማሚው» እያሉ ያሾፉበታል። ያሹፉ! ሰላይ መሆኑን የሚያውቀው የላከው አጎት ብቻ ነው። በዕቅዱ መሠረት ብልቃጦቹን የመርፌውን ሙከራ ለምትቆጣጠረው ሐኪም የሚያደርሰውም እሱ ነው።

«በረዶው ለምንድነው?»

«እንዳይበላሽ ነዋ።»

«ሥጋ ልትገዛ መጣህ እንዴ? የልብ ሴል እኮ ነው! ሙቀት ነው የሚፈልገው። ያስጠናኸኝ አንተ አይደለህም?»

«ረሳሁት።»

አጎት አይረሳም።

ጉጠት ነገሩ ወዲያው ገባው።

የፋብሪካው አዲስ መርፌ «ጸጥታ» ይባላል። ሥራው አንድ ፕሮቲን መቆለፍ ነው። ሴል ሲጨነቅ ያ ፕሮቲን ወደ ሴሉ እምብርት፣ ወደ ኒውክለሱ ገብቶ ዘረመሎችን ይቀሰቅሳል። የደም ሥር ሴል ውስጥ ብግነት ያስነሳል፤ እዚያ ዝም ቢያሰኙት ደግ። የልብ ጡንቻ ሴል ውስጥ ግን ያው ፕሮቲን ሴሉን ከሞት የሚያተርፉትንም ዘረመሎች ያነቃል። ቆልፈህበት ልቡ ከተጨነቀ፣ አለቀለት። ፋብሪካው ለተቆጣጣሪዋ ያሳያት የደም ሥሩን ብቻ ነው። የልቡን ደበቀ። ዓይናቸውን በጨው ያጠቡ!

ጉጠት ሁለቱንም ብልቃጦች ኦክስጅን አሳጥቶ አስጨንቋቸዋል። በባለ ቀይ ክዳኑ ውስጥ መድኃኒት የለም፤ ሴሎቹ አሁንም ይመታሉ። በባለ ሰማያዊው «ጸጥታ» ገብቷል፤ ሴሎቹ እየረገፉ ነው። በረዶ ውስጥ ከገቡ ግን ሁለቱም ይሞታሉ። ሁለቱም ከሞቱ ደግሞ የገደላቸው ብርዱ ነው ይባላል፤ መርፌው ነጻ ይወጣል።

ላይ ፎቅ አንድ ልቡ የታመመ ልብስ ሰፊ እጅጌውን ጠቅልሎ እየጠበቀ ነው። በሙከራው የመጀመሪያው ተወጊ እሱ ነው። ጉጠት ለፋብሪካው ምርመራ ደም ሊቀዳው በሄደ ቁጥር «ወንድሜ፣ ይሄን ሱሪ የሰፋልህ ሰው ጠላትህ ነው» እያለ ያስቀዋል። ዛሬ ከተወጋ ያ ደካማ ልቡ አይችለውም።

«ለፋብሪካው ሸጥከኝ» አለ ጉጠት።

«ዝም ብለህ ብትሰጠኝ ምን ነበረበት? ሁልጊዜ ክርክር!»

አጎት ሽጉጥ አወጣ።

ጉጠት የሳሙናውን ባልዲ በእግሩ ጠለዘው።

ጥይቱ ትከሻውን ቦጨቀው።

አጎት ተንሸራተተ። ጭንቅላቱ ከማሽኑ ብረት ጋር ተላትሞ ወደቀ። አልተነሳም። ጉጠት ተንበርክኮ የአንገቱን ትርታ ፈለገ። የለም። ሥራ ያስተማረው፣ እንደ አባት የሚያየው ሰው ነበር። «ምን አለ ባትመጣ! ምን አለ ቀርተህ ቢሆን!» ብሎ ወቀሰው፤ እየወቀሰውም አለቀሰ። ከዚያ የራሱን ኪስ ዳሰሰ። ብልቃጦቹ አልተሰበሩም።

እግሬ አውጪኝ አለ።

ተቆጣጣሪዋ ከሕሙማኑ ክፍል አጠገብ፣ ማይክሮስኮፑ ጋ ተቀምጣ ነበር። ስታየው ብድግ አለች።

«በስመ አብ! ደም በደም ሆነሃል! ማነህ አንተ?»

«እኔን በኋላ ይጠይቁኝ፣ ዶክተር። መጀመሪያ ቀዩን ይዩልኝ።»

ጎንበስ አለች። «የልብ ጡንቻ ነው። ይመታል።»

«አሁን ሰማያዊውን።»

ማጉያውን አስተካክላ ደግማ አየች። ፊቷ ጠቆረ።

«እነዚህ ምን ሆኑ?»

«‹ጸጥታ› ነው። ሴሉ አንድ፣ ጭንቀቱ አንድ፣ ሙቀቱ አንድ። የተለየው መድኃኒቱ ብቻ ነው።»

«እኔ ያየሁት የደም ሥሩን ብቻ...»

«ያሳዩዎት እሱን ነዋ!»

በሩን በርግዳ ወጣች። ነርሷ የልብስ ሰፊውን ክንድ በአልኮል ጠርጋ መርፌውን አስጠግታ ነበር።

«አቁሚ! ማንም እንዳይወጋ!»

ጉጠት በሩን ተደገፈ። ደርሷል። ሰውየው ይሞት ይሆን ብሎ ያደረበት ጭንቀት ለቀቀው።

ልብስ ሰፊው ግን አልጋው ላይ ተነሥቶ ተቀመጠ። ዓይኑ በሩ ላይ አረፈ።

«አንተ ነህ ያስከለከልከኝ?»

«አባባ፣ መድኃኒቱ ልብዎን—»

«ዝም በል! ሌላ ምን ቀረልኝ? ሁሉም ሐኪም ተስፋ የለህም አለኝ፤ ያለኝ ይሄ መርፌ ነበር። እኔ ወንድሜ እልሃለሁ፣ አንተ ነጠቅከኝ! ጥፋ ከፊቴ!»

ተቆጣጣሪዋ ልታስረዳው ሞከረች። አልሰማትም። ትራሱን አንሥቶ ወረወረ። ጉልበት ስላልነበረው ትራሱ ከገዛ አልጋው ሥር ወደቀ። ሰውየው ከአንድ ሞት ተርፏል፤ ልቡ ግን ያው የታመመ ልብ ነው፤ ለእሱም መድኃኒት ያለው የለም። ጉጠት ትራሱን አንሥቶ አልጋው ላይ መለሰለትና ወጣ።

ነጩን ጋውን ደረጃው ሥር ጣለው፣ ከፋብሪካው መታወቂያ ጋር። የሰው ሹራብ ከመስቀያ ላይ አንሥቶ ትከሻውን ሸፈነ። አስታማሚው ከእንግዲህ የለም። ጉጠት የሚለውን ስም የሚያውቀውም ሰው ታች፣ ሳሙና ውሃው ላይ ተጋድሟል።

አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ዘንቢል የያዘች ሴት አየችው።

«ምነው ወንድሜ? ታለቅሳለህ እንዴ? ሰው ሞቶብህ ነው?»

«አይ፣ ተርፏል» አላት፤ መልሶም አለቀሰ።