የማክሰኞ ወረፋ

እሱን ያገኘሁት የክትባት ፍሪጁ የቆመ ቀን ነው።

ጠዋት ገብቼ የሙቀት መለኪያውን ሳየው አሥራ አንድ ዲግሪ ይላል። ከስምንት ማለፍ የለበትም። ሕፃን የታቀፉ እናቶች አግዳሚውን ሞልተው የተረፉት መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ብዙዎቹ ከሩቅ በእግራቸው የመጡ ናቸው። ክትባቱን ወደ በረዶ ሳጥኑ ገለበጥኩና የጤና ጣቢያችንን ኃላፊ በስልክ ወጥሬ ያዝኩት።

«ፍሪጅ ሠሪ ልኬልሻለሁ። እስኪመጣ እባክሽ ቁጭ በይ» አለኝ።

እኔና መቀመጥ ግን ድሮም አንተዋወቅም። እናቴ «ይቺ ልጅ ስትወለድም እየሄደች ነው» ትላለች።

ፍሪጅ ሠሪው የዕቃ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አንግቶ፣ ላብ በላብ ሆኖ በእግሩ መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ፍሪጁን ከግድግዳው ስቦ ከኋላው ተንበረከከ። እኔ ከበሩ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ በሩ እመላለሳለሁ።

«ሲስተር» አለኝ ሳይዞር፣ «ጥላዎ እየመጣ እየሄደ አስቸገረኝ። ወይ ይምጡ፣ ወይ ይሂዱ።»

«መጣሁ» አልኩና አጠገቡ ቁጢጥ አልኩ። «ይድናል?»

«በሽተኛው ፊት እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል?»

ሳቄ አመለጠኝ። ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። የደከመ፣ ግን ያልተሰላቸ ዓይን ነበረው። ቀድሜ ዓይኔን የሰበርኩት እኔ ነኝ።

ፍሪጁ ማጉረምረም ሲጀምር እናቶቹ አጨበጨቡ።

በሳምንቱ «እንዴት እንደሆነ ልየው ብዬ ነው» ብሎ መጣ። በቀጣዩም ሳምንት መጣ። ፍሪጁ ጤነኛ ነው። ኃላፊያችን «ይሄ ፍሪጅ ከበሽተኞቻችን ሁሉ የተሻለ ክትትል እያገኘ ነው» ብሎ ሲያሾፍ ሁለታችንም መሬት መሬት አየን።

«እርስዎ» መቼ «አንቺ» እንደሆነ አላውቅም። ከሥራ ስወጣ ጠብቆ እስከ ሰፈሬ ይሸኘኝ ጀመር። እኔ እፈጥናለሁ፣ እሱ «ማን እያባረረሽ ነው?» እያለ ይስቃል። ወሬያችን ሲያልቅ ዝም ብለን እንሄዳለን። ከሌላ ሰው ጋር ቢሆን ዝምታው ያሳክከኝ ነበር። ከእሱ ጋር ግን ቶሎ እንዳያልቅ እመኝ ነበር።

አንዳንድ ነገሩ ግር ይለኛል። ድልድዩን ስንሻገር መሐሉን እንጂ ዳሩን አይዝም። ሞተር አይነዳም። መሰላል ላይ አይወጣም። «ፈሪ!» እለዋለሁ። ፈገግ ብሎ ያልፈዋል። ነርስ ነኝ፣ ማወቅ ነበረብኝ። እሱን የምታየው ግን ነርሷ አልነበረችም።

በአምስተኛው ወር እናቴ «እሁድ ለምሳ አምጪውና ልየው» አለች። ስነግረው ፊቱ ልውጥ አለ።

«እመጣለሁ» አለኝ።

እሁድ ቀረ። ስደውልለት ስልኩ ዝግ ነው። ሰኞም ዝግ ነው። ሦስት ሳምንት እንዲሁ አለፈ።

በእነዚያ ሦስት ሳምንታት የአልጋዬን ቦታ አራት ጊዜ ቀያየርኩ። ክትባት ከመስጠቴ በፊት የሕፃኑን ስም ሁለቴ እጠይቃለሁ፣ ሰምቼ አልሰማም። ስልኬ በጮኸ ቁጥር እሱ መስሎኝ እሮጣለሁ። የሚደውለው ግን ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ዋና ከተማ ውስጥ አንድ የግል ሆስፒታል ሥራ አግኝቶልኛል።

«ሂጂ» አለች እናቴ። «ለምሳ ያልመጣ ሰው ለሠርጉ ይመጣል ብለሽ ነው?»

ለወንድሜ እሺ አልኩት። የዕቃዬን ግማሽ ከሸከፍኩ በኋላ ግን ሳላየው መሄድ አቃተኝ። ፍሪጅ የሚሠራበት ሱቅ ሄድኩ፣ ተዘግቷል። ጎረቤት ጠይቄ ቤቱን አገኘሁ። በሩን የከፈተችልኝ ታላቅ እህቱ ናት። ገና ስታየኝ አወቀችኝ።

«አንቺ ነሽ አይደል? ግቢ። እኔ መደበቁ ሰልችቶኛል።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ግራ እጁ እስከ ክርኑ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«ቱቦ ስበይድ እሳቱ ላይ ወደቅኩ» አለኝ። «እናንተ ቤት ልመጣ አንድ ቀን ሲቀረው። ከልጅነቴ ጀምሮ እወድቃለሁ። የሚጥል በሽታ አለብኝ።»

አልጋው ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«መድኃኒትስ?»

«ክኒኑ ራሱ ርካሽ ነው። የሚሰጠው ግን ትልቁ ሆስፒታል ብቻ ነው። አንድ ቀን እሄዳለሁ፣ አንድ ቀን እሰለፋለሁ፣ አንድ ቀን እመለሳለሁ፣ በየወሩ። የዕለት ጉርሱን ሠርቶ የሚያድር ሰው ይሄን ሁሉ ቀን ከየት ያመጣል? እንዲበረክትልኝ ለሁለት እየገመስኩ ነው የምውጠው።»

«እኔ እኮ በየሳምንቱ አጠገብህ ነበርኩ!» ጮህኩበት። «አንዲት ቃል መተንፈስ አቃተህ?»

«አንቺ ጋ የሚመጣው ሁሉ በሽተኛ ነው» አለኝ። «አንድ ሰው እንኳን በሽተኛ ሳይሆን ቢመጣልሽ ብዬ ነው።»

ጨርቁን ፈትቼ ቁስሉን ማጠብ ጀመርኩ። እህቱ ውሃ እያቀበለች ታለቅሳለች።

«ዋና ከተማ ልትሄጂ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ» አለኝ። «ሂጂ። ዛሬ ይወድቃል፣ ነገ ይወድቃል እያልሽ ስትጠብቂኝ ልትኖሪ ነው እንዴ?»

«ማን አግባኝ አለህ?» አልኩት። ክኒኑን ዳግመኛ እንዳይገምስ እህቱን አደራ ብዬ ወጣሁ።

በማግስቱ ኃላፊያችንን «እዚህ አካባቢ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅኩት።

መዝገቡን አገላብጦ «አንድም የለም» አለኝ።

ቤት ለቤት ዞርኩ። በሁለት ሳምንት አሥራ ሰባት ሰው አገኘሁ። አንዷ፣ ክፍል ውስጥ ወድቃ ተማሪ ስለሳቀባት፣ ትምህርቷን ትታ ቤት የተቀመጠች ልጃገረድ ናት። አንዱ አናጺ ነው፤ ከጣሪያ ወድቆ እግሩ ተሰብሯል። የሁሉም ወሬ አንድ ነው። ሆስፒታሉ ሩቅ ነው፣ ጀምረን አቋረጥነው ይላሉ።

ዝርዝሩን ይዤ ጤና ቢሮ ሄድኩ።

«ይሄን መድኃኒት የሚያዘው ሐኪም ነው» አሉኝ።

«ሐኪም ላኩልን።»

«የለም።»

«እንግዲያው እኔን አሠልጥኑኝ።»

አራት ጊዜ መለሱኝ። በአምስተኛው የቢሮው ኃላፊ «ይቺን ልጅ ካልተገላገልናት ሥራ አንሠራም» ብላ ፈረመችልኝ። ሦስት ሳምንት ልሠለጥን፣ ከዚያ መድኃኒቱ እኛው ጤና ጣቢያ መጥቶ ለድሃው በጤና መድን ካርዱ ሊሰጥ ተስማማን። ሥልጠናው የሚጀመረው ግን ወንድሜ ያገኘልኝ ሥራ በሚጀመርበት ቀን ነበር። ለወንድሜ ደውዬ «ቀርቻለሁ» አልኩት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

«ለእሱ ብለሽ ነው አይደል?» አለች እናቴ።

«ለእሱም።»

«ነገ ብትወልጂስ? ሰውስ ምን ይላል?»

«እማዬ፣ አንቺ የደም ግፊት ክኒን ስትውጪ ሰው ምን አለሽ?»

«ግፊትና እሱ አንድ ነው?»

«ሁለቱም በሽታ ነው፤ ሁለቱም መድኃኒት አለው።»

ጀርባዋን ሰጠችኝ። ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም።

ሥራውን የጀመርነው ማክሰኞ ነው። ለአሥራ ሰባቱም ነግሬያለሁ፤ ለእሱ በእህቱ በኩል ልኬበታለሁ። ሁለት ወር አልፎናል ሳንተያይ። ማክሰኞ የግፊት ክትትልም ቀን ስለሆነ እናቴና ጓደኞቿ ጥግ ያለውን አግዳሚ ሞልተዋል። የእኔ አግዳሚ ባዶ ነው።

ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሰዓት ሆነ። በመስኮት ሳይ ልጃገረዷና እናቷ መንገዱ ማዶ ቆመዋል። አናጺውም ምርኩዙን ተደግፎ ቆሟል። ያዩናል፣ ግን አይሻገሩም። አግዳሚው ከመንገድ ይታያል፤ እዚያ መቀመጥ ማለት ለሰፈሩ ሁሉ መናገር ነው። ወጣሁ፣ ገባሁ። ክኒኑን ቆጠርኩ፣ እንደገና ቆጠርኩ። ልጥራቸው ብዬ አፌን ከፈትኩና ተውኩት። በግድ አይሆንም።

ያኔ በዋናው በር ገባ። የሠርግ ቤት የሚሄድ ይመስል ሸሚዙን ተኩሶ ለብሷል። ያ ድምፁ ዝግ ያለው ሰው፣ መንገዱ ማዶ ድረስ በሚሰማ ድምፅ ጮኸ።

«የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚሰጠው እዚህ ነው? አንደኛ እኔ ነኝ!»

አግዳሚው መሐል ቁጭ አለ። ግቢው ውስጥ ያለው ሁሉ ዞረ። እናቴ አንገቷን አስግጋ ለረጅም ጊዜ አየችው። ማን እንደሆነ ሳይነግሯት ገብቷታል። ቦርሳዋን አንስታ ተነሳች። ግቢውን ትታ የምትወጣ መሰለኝ።

«ጠጋ በል» አለችውና አጠገቡ ተቀመጠች።

ልጃገረዷ የእናቷን እጅ እየጎተተች መንገዱን ተሻገረች። አናጺውም ተከተላቸው።

አንደኛው እሱ ነውና ገባ። የምርመራ ክፍሌ በር የለውም፣ መጋረጃ ብቻ ነው። ቀና ብዬ ሳላየው ቅጹን መሙላት ጀመርኩ።

«ዕድሜ?»

«ሠላሳ አንድ።»

«መጨረሻ የወደቅከው መቼ ነው?»

«አሥራ ሁለት ቀን ሆነው።»

«አብሮህ የሚኖር፣ ስትወድቅ የሚደርስልህ ሰው?»

«ለጊዜው እህቴ።»

እስክሪብቶዬ ቆመ። «ለጊዜው ማለት?»

«አንቺ እሺ እስክትይኝ።»

ቅጹ ላይ ይሄ የሚጻፍበት ቦታ የለም። የግራ እጁ ጠባሳ ላይ እጄን አሳረፍኩ። ከመጋረጃው ወዲያ ማንም አያስልም፣ ማንም አይንቀሳቀስም። ወረፋው ሁሉ ጆሮ ሆኗል።

«እሺ በይውና ቀጣዩን ጥሪ እንጂ!» አለች እናቴ። «ሰው እየጠበቀ ነው!»