ቅቤ የፈታው ቁንዳላ

ጳጉሜን ፬ ቀን ፲፱፻፺፱ ዓ.ም.፣ ዕለተ እሑድ፤ የሩፋኤል ዝናብ አጥቦት ያደረው የጭሮ ተራራ እንደ ንጉሥ ካባ ሲያብረቀርቅ፤ ከገለምሶና ከበደሳ የመጡ ሚኒባሶች መናኸሪያው በር ላይ ሲጋፉ፤ አገር ምድሩም ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረትን ለመቀበል ሽር ጉድ ሲል፤ ጭሮም በምትባለው በአሰበ ተፈሪ ከተማ ከሚሊኒየሙ የሚበልጥ ጉዳይ ተነሥቶ ነበር። ጉዳዩም የአንድ ሰው ጸጉር ነው።

ባለ ጸጉሩ ዱጉማ ቦንሳ ይባላል፤ የመቻራን ቡና በአይሱዙ እየጫነ ወደ ጭሮ የሚያወርድ ሾፌር ነበር። ገለምሶ ላይ ጡሩምባውን ሲነፋ በደሳ ያሉ አህዮች መንገድ ይለቁ ነበር ቢባል ማጋነን አይደለም፤ እንዲያውም ማሳነስ ነው። ከአዋሽ እስከ ድሬዳዋ እርሱን የመሰለ ቁንዳላ የተሸከመ ራስ አልነበረም፤ ነበረ የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረኝ።

ከተማዋ ግን አልወደደችለትም። በተፈሪ ስም ተጠርታ የተፈሪያውያንን ጸጉር መጠየፏ የሚገርም ነው፤ ግማሹ «ሐሺሽ ያጨሳል» አለ፤ ግማሹ «ለይቶለታል» አለ፤ የጸሎት ቤት ወጣቶችም ግማሾቹ ሶምሶንን፣ ግማሾቹ ጳውሎስን እየጠቀሱ እስከ መጣላት ደረሱ።

ከሁሉም የከፉት ኦቦ ጂሬኛ ነበሩ። እኚህ ሰው ልብስ ሰፊና የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ናቸው፤ ሱፍ ሲቆርጡ እጃቸው የማይስት፣ ሲፈርዱም ቃላቸው የማይታጠፍ። ዱጉማ ልጃቸውን ሲፈንን ለጋብቻ ቢጠይቅ፣ «ያ የማይታጠብ ራስ ተላጭቶ ካልመጣ ደጄን አይረግጥም» አሉ። ሲፈን በበኩሏ፣ «አባቴን ፈርቶ ጸጉሩን የተላጨ፣ ነገ አባቴን ፈርቶ እኔን ይተወኛል» አለችው። ቢላጭ ልጅቱን ያጣል፤ ባይላጭ አባትየውን። ከዚህ የጠበበ በር የትኛው የጦር አለቃ ገጥሞት ያውቃል?

ቁንዳላውን የጀመረችለት ሂክማ ናት፤ ከስልጤ መጥተው በጭሮ የሱቅ ንግድ የያዙ ቤተሰብ ልጅ፣ የመርፌና የማበጠሪያ ደጃዝማች። «ዝም ብለህ ብትተወውም ይቆላለፋል» ብላው ነበር በመጀመሪያው ቀን፤ «እሱ ግን የባሕታዊ መንገድ ነው፤ በረሃና ዕድሜ ይፈልጋል። በማበጠሪያ ከጫፍ ወደ ሥር ብገፋልህ ይፈጥናል፤ ግን ይሻክራል፤ ያስለቅስሃልም። በኪሮሽ መርፌ ጎትቼ ባስገባው ይሻላል።» ዱጉማ መርፌውን መረጠ። «እንግዲያስ ስማ» አለችው፣ «እስኪጠና ድረስ ቅባት የሚባል እንዳታስነካው!»

ሁለት ወር ሙሉ ትእዛዙን አከበረ። በመጨረሻ ዱጉማ ቡና የሚጭንላቸው ነጋዴዎች ሽማግሌ አቶ ስምዖን ሲለምኗቸው፣ ኦቦ ጂሬኛ ሽማግሌ ሊቀበሉ ተስማሙ፤ ነገር ግን ከልማድ ውጭ፣ «ልጁም አብሮ ይምጣ፤ ራሱን በዓይኔ ሳላይ ቃል አልሰጥም» አሉ።

በዚያች እሑድ ጠዋት፣ ዱጉማን ያሳደገችው አክስቱ አዴ ኮከቤ ከመቻራ ለጋ ቅቤ ይዛ ደረሰች። የኢቱ ኦሮሞ አባቶቿ ጉንፉራቸውን፣ ያንን የጎፈረ ጸጉራቸውን፣ ቅቤ ሳያጠጡ ከሰው ፊት ቀርበው አያውቁም።

«ያልተቀባ ራስ ሽማግሌ ፊት ይቀርባል እንዴ? ና ቁጭ በል!»

«አዴ፣ ሂክማ ቅባት እንዳታስነካ ብላኛለች።»

«ሂክማ ናት ያሳደገችህ?»

ይህን ጥያቄ የሚመልስ ወንድ በሐረርጌ አልተወለደም። ዱጉማ ተቀመጠ፤ ቅቤው ተቀባ፤ ዳገቱንም ከአዴ ኮከቤ ጋር ሽማግሌዎቹን ተከትሎ ወጣ። የጳጉሜን ፀሐይ እንደ ምድጃ ነደደችበት፤ ቅቤው ቀለጠ፤ ቁንዳላውም አንድ በአንድ ይንሸራተትና ይፈታ ጀመር። ከኦቦ ጂሬኛ ደጅ ሲደርስ፣ ግራ ጎኑ ራስታ፣ ቀኝ ጎኑ ዝናብ የመታው በግ ነበር።

አቶ ስምዖን ተነሥተው፣ «ጌታው፣ የልጅዎን እጅ ለልጃችን…» ብለው ሲጀምሩ፣ ከዱጉማ ግንባር አንድ ጠብታ ወርዳ ነጩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ አረፈች።

«ይኸው!» አሉ ኦቦ ጂሬኛ፤ «እድፉ በራሱ ጊዜ መሰከረ። ተነሡ፣ ጉዳዩ አልቋል!»

«እድፍ?» አዴ ኮከቤ ከመቀመጫዋ ዘለለች። «ኦቦ ጂሬኛ፣ የመቻራን ለጋ ቅቤ ነው እድፍ የሚሉት? የቀባሁት እኔ ነኝ! እርስዎን አክብሬ ነው!»

ኦቦ ጂሬኛ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሽታው ግን ቀደማቸው። «የአባቴ ራስ እንዲህ ይሸት ነበር» አሉ፤ ለማንም ብለው አልነበረም።

በዚህ መሐል ሲፈን በጓሮ በር ወጥታ ሂክማን ይዛት ገባች። ሂክማ የዱጉማን ራስ ስታይ ሰላምታዋን ረሳች።

«ወላሂ! ማን ነው ይኼን ጉድ የሠራው? የሁለት ወር ልፋቴን! በል አሁን በሳሙና ሁለት ሦስቴ ታጥቦ እንደገና ይጀመራል።»

«ቆይ እስቲ፣ ልጄ» አሉ ኦቦ ጂሬኛ፤ «ይህ ነገር ይታጠባል?»

«ሳይታጠብማ መች ይያያዛል ኦቦ! ቅባት ያለበት ጸጉር ይንሸራተታል፤ እርስ በርሱ የሚጨባበጠው ንጹሑ ነው። ቆሻሻ ቢሆንማ ይሄኔ በቅቤው ጠንክሮልኝ ነበር።»

የቧንቧ ውሃ ከመጣ ሰንብቷል፤ በቤቱ ያለው ውሃ ኦቦ ጂሬኛ ለበዓሉ ድግስ ያጠራቀሙት በርሜል ብቻ ነበር። እርሳቸው ግን ተነሡ፤ የኮታቸውን እጅጌ ሰበሰቡ፤ ማዕድ ሊቀርብለት ለተፈቀደ እንግዳ ብቻ የሚያነሡትን ማስታጠቢያ ከበርሜሉ ሞሉ።

«ጎንበስ በል» አሉት ዱጉማን።

ሂክማ በሳሙና አሸች፤ ኦቦ ጂሬኛ አፈሰሱ፤ ደግመው ቀዱ፤ ደግመው አፈሰሱ። አቶ ስምዖን ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ጌታው፣ እኛ ግን ቃልዎን ገና አልሰማንም» አሉ።

ኦቦ ጂሬኛ ማስታጠቢያውን ሳያስቀምጡ፣ «እጄ ሲሰጥ አላዩም?» ብለው መለሱ።

ታሪክ የዚያን ሰሞን ርችትና የአደባባይ ጭፈራ መዝግቦ አቆይቷል፤ ያቆየውንም አንነቅፍም። የጭሮ ሾፌሮች ዛሬ የዱጉማ ቁንዳላ ወገቡን ማለፉንና ሽበት ጣል ማድረጉን ያወራሉ፤ ሲፈንን በጉልበት እንደ ወሰዳትም ይጨምሩበታል። ስለ ሂክማ መርፌ ግን የሚያነሣ የለም፤ አንድ ሽማግሌ የድግሱን ውሃ በጠሉት ራስ ላይ አፍስሰው እንደ ጨረሱም ማንም አልጻፈም። የሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት መስከረም አንድ ቀን፣ በኦቦ ጂሬኛ ቤት ቡናውም ወጡም በጎረቤት ውሃ ነው የተሠራው።