እግዜር ያጽናህ፣ አስታ

ፌበን ሮቤ ውስጥ ካለ አንድ ሆቴል በር ላይ ባርኔጣ አድርጋ፣ ካሜራ አንግታ ቆማለች። ላያት ሰው ለሽርሽር የወጣች ትመስላለች። ጣቶቿ ግን የካሜራውን ማንገቻ ጨምድደው ይዘዋል።

ኃይለየሱስ ላንድክሩዘሩን ከፊቷ አቆመ። አልወረደም። መስኮቱን ብቻ ዝቅ አደረገ።

«ለግማሽ ቀን የተከራየሽው አንቺ ነሽ፣ እህቴ?»

«አዎ። ሐይቁን አይቼ ለምሳ እመለሳለሁ።»

«ላይ ብርድ ነው።»

«ጋቢ ይዣለሁ።»

መተዋወቂያው ይኸው ነበር። ጋቢ።

በሩን ከፈተላት።

ኃይለየሱስ እውነተኛ ስሙ አይደለም። የደኅንነት መሥሪያ ቤቱ «አስታ» ብሎ ነው የሚያውቀው። ጎባ ውስጥ ቱሪስት የሚያመላልስ ሹፌር ሆኖ ሦስት ዓመት ኖሯል። ሥራው ጅሩ የሚባለውን የእህል ነጋዴ መከታተል ነው። ጅሩ ስንዴ ይጭናል። ከስንዴው ሥር ጥይትና መሣሪያ ይጭናል። ፌበን የጅሩ ጸሐፊ ናት። ማን እንደሚመጣ በዓይኗ አይታለች፣ ማን እንደሚደውል በጆሮዋ ሰምታለች። ዳኛ ፊት ቆሜ እናገራለሁ ብላለች። እስከዚያ ድረስ ግን በሕይወት መቆየት አለባት።

ጅሩ መናኸሪያውም ላይ አውሮፕላን ማረፊያውም ላይ ሰው አለው። ስለዚህ መንገዱ ወደ ላይ ሆነ። እሑድ ነው፣ ቢሮ ዝግ ነው። እንደ ማንኛዋም ጎብኚ መኪና ተከራይታ ሰኔቲ አምባ ላይ ትወጣለች። ሐይቁ ዳር «ጅብራ» ይጠብቃታል። ጅብራ አስታን ያሠለጠነው ሰው ነው፤ በዚህ አገር ያለው ብቸኛ ባልደረባውም እሱ ነው። ከዚያ በሪራ በኩል በደኑ አድርጎ ደሎ መና ያወርዳታል።

ጎባ ሲደርሱ ኃይለየሱስ ፍጥነቱን ቀነሰ። መቀነስ አልነበረበትም። ከሰፈሩ መግቢያ ላይ ወንዶች ድንኳን ይተክላሉ።

«ለቅሶ አለ» አለች ፌበን።

«አዎ።»

ማርሹን ቀይሮ አለፈ።

ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ያረፉት ጎህ ሲቀድ ነው። የተከራየባት ክፍል የእሳቸው ናት። የዛሬ ሦስት ዓመት ቤት ሲጠይቅ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ አዩትና «ስምህ ማነው?» አሉት። ነገራቸው። «እንግዲያማ የስም ዘመዴ ነህ፤ ግባ» አሉት። በውሸት ስም ልጅ ሆነ።

ልጅ አልነበራቸውም። ማታ ማታ ግቢው ውስጥ መኪናው ሳይገባ በሩን አይቀረቅሩም ነበር። ጎረቤት «ሌባ ይገባል» ሲላቸው «የኃይሌ መኪና ሳትገባ አልዘጋም» ይሉ ነበር። አንዴ ታመው ሲነሱ «የሬሳ ሳጥኔን ፊት አንተ ትይዛለህ፤ ለሰው እንዳትሰጥብኝ» አሉት። እሺ አለ። እሺ ያለው ኃይለየሱስ ይሁን አስታ፣ ራሱም ለይቶ አያውቅም።

ዛሬ ጠዋት ዓይናቸውን የከደነው እሱ ነው። የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ባዳሳ በየመንገዱ እየዞረ ሲለፍፍ፣ እሱ የመኪናውን ጎማ ይፈትሽ ነበር።

«ወይዘሮ ወለተኢየሱስ አርፈዋል! ቀብር ስድስት ሰዓት!»

ጋሽ ባዳሳ ከበሩ ላይ አገኘው።

«ወዴት ነው በዚህ ቀን?»

«ቀድሞ የተያዘ ሰው አለ። ለቀብር እደርሳለሁ፣ ጋሼ።»

«ድረስ እንጂ! ደግሞ ወፍራም ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያላንተ አንችላቸውም።» ከንፈሩ ሊስቅ ፈለገ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ።

ጥቁር እንኳ አልለበሰም። ሹፌር ለቱሪስት ጥቁር ለብሶ አይመጣም።

ከጎባ በላይ መንገዱ ይጠማዘዛል። ጽዱ አለቀ፣ ኮሶው አለቀ፣ የአስታው ቁጥቋጦም እያጠረ ሄዶ አለቀ። ከዚያ በኋላ ሜዳ፣ ድንጋይና ጉም ብቻ ነው። ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም ተክሎች እዚህም እዚያም ለየብቻቸው ቆመዋል። በጉም ውስጥ ሰው ይመስላሉ።

«ትናንት ፈቃድ ስጠይቀው ሳቀብኝ» አለች ፌበን ድንገት። «ጅሩ። ‹ሐይቅ ምኑ ይታያል? ውሃ አይተሽ አታውቂም?› አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ‹በይ ተዝናኚ› አለኝ። ሰው እንዲዝናና ተመኝቶ አያውቅም እኮ።»

ኃይለየሱስ መስታወቱን አየ። ከኋላ ማንም የለም።

«ካሜራሽን መኪናው ውስጥ ተይው» አላት። «እዚያ ደርሰን ‹ካሜራሽን ረስተሻል› ካልኩሽ፣ ምንም ሳትጠይቂ ተመልሰሽ ግቢ። ጎንበስ በይ።»

«ለምን ትለኛለህ?»

«ላልልሽ እችላለሁ።»

ሐይቁ ከዋናው መንገድ ገባ ይላል። ሁለት ዝይዎች ውሃው ዳር ቆመዋል። ከነሱ ወዲህ ነጭ ፒካፕ አለ። ሞተሩ አልጠፋም። በዚያ ብርድ የናፍጣ መኪና ያጠፋ ሰው ለማስነሳት ፍዳውን ያያል። ኃይለየሱስም የራሱን አላጠፋም።

ጅብራ ወረደ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ ሰው ነው። ወደ ኃይለየሱስ መጣ። ባርኔጣውን አወለቀ። አንገቱን ደፋ አድርጎ እጁን በሁለት እጁ ያዘው።

«እግዜር ያጽናህ፣ አስታ።»

«አሜን» አለ ኃይለየሱስ።

ከጠዋት ጀምሮ ይህን ቃል ያለው ሰው አልነበረም። ጎረቤት ሳይሰበሰብ ነው የወጣው። የሰው እጅ ሞቅ አለው። ለአንድ አፍታ ተልዕኮውንም፣ ልጅቷንም፣ ብርዱንም ረሳ።

ከዚያ ደሙ ቀዘቀዘ።

ማን ነገረው?

«የት አደርክ?» አለው እጁን ሳይለቅ።

«ሪራ። ብርዱ ሲያንቀጠቅጠኝ አደረ።»

«ስልክ ከፍተህ ነበር?»

«ከትናንት ማታ ጀምሮ ዝግ ነው። ሕጉን ያስተማርኩህ እኔ አይደለሁ?»

ሪራ ከሜዳው ወዲያ ማዶ ነው። የጋሽ ባዳሳ ጥሩምባ ሪራ አይሰማም። ስልኩን ዘግቶ ሪራ ያደረ ሰው፣ ዛሬ ጎህ ሲቀድ ጎባ ውስጥ ማን እንደሞተ ሊያውቅ አይችልም። ጅብራ ያደረው ጎባ ነው። ጎባ ማደሩን ደብቋል። ጅሩ ደግሞ «በይ ተዝናኚ» ብሏል።

ፌበን ወደ ፒካፑ መራመድ ጀምራለች።

«ፌበን» አለ ኃይለየሱስ። ድምፁን አላሳደገም። «ካሜራሽን ረስተሻል።»

ቆመች። አየችው። ከዚያ ዞራ ወደ ላንድክሩዘሩ ሄደች። በሩ ተዘጋ።

ጅብራ እጁን ለቀቀ።

«ምን አጠፋሁ?» አለ ቀስ ብሎ።

«አጽናናኸኝ።»

ጅብራ ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው ያረጀ መሰለ።

«ከአፌ ወጣ።»

«አውቃለሁ።»

«ሐዘንተኛ አይቼ ዝም ማለት አልችልም። እናቴ እንደዚያ አላሳደገችኝም።»

«አውቃለሁ አልኩህ።»

ሽጉጡ ከጃኬቱ ሥር ወጣ።

«የልጄን ትምህርት ቤት ያውቁታል፣ አስታ። የምትገባበትን በር ሳይቀር ነገሩኝ። ሰዎቹ ከዚያ ጉብታ ወዲያ ናቸው። እኔ አስረክቤ እሄዳለሁ። አንተ የለህበትም። ቀብር አለህ። አሁን ብትነሳ ትደርሳለህ። ሂድና ሳጥኗን ያዝላት። ቃል ገብተህላት የለ? ራስህ አጫውተኸኝ።»

ነፋሱ ውሃው ላይ አለፈ። ኃይለየሱስ ጎባን አሰበ። ድንኳኑን አሰበ። መሄድ ይችላል። መኪናዋ ተነስታ ቆማለች።

«ዛሬ የሚቀበር አንድ ሰው ይበቃል» አለ።

የፒካፑ በር ክፍት ነበር። በሁለት እርምጃ ደረሰበት። ቁልፉን አጥፍቶ ነቀለና በሙሉ ኃይሉ ወረወረው።

ሐይቁ ዋጠው። ዝይዎቹ ተነሡ።

ሽጉጡ ጮኸ።

ግራ ክንዱ ተቃጠለ። ሮጠ። ሁለተኛው ጥይት በጣም ከበላዩ አለፈ። ጅብራ እንደዚያ የሚስት ተኳሽ አልነበረም። ያሠለጠነው እሱ ነው። ኃይለየሱስ ይህን ነገር እስከ ዛሬ እያነሳ ይጥላል።

ገና ዋናውን መንገድ ሳይይዙ ግራጫ መኪና ከጉብታው ብቅ አለ። ተኩሱን ሰምተዋል።

«ክንድህ!» አለች ፌበን ከወለሉ ላይ።

«አትነሺ።»

ወደ ሪራ አይኬድም፤ ያንን መንገድ ያውቁታል። የሚኬደው ወደ ጎባ ብቻ ነው። ጉሙ፣ ድንጋዩ፣ አስታው ወደ ኋላ በረሩ። በየጥምዝምዙ ግራጫው መኪና ይቀርባል። ከኋላ አንድ መብራት በጥይት ተሰበረ። ፌበን ጋቢውን ቀድዳ ክንዱን አሠረችለት።

ጎባ መግቢያ ላይ መንገዱ በሰው ተሞልቷል።

ነጠላ። ጥቁር ዣንጥላ። ወንዶች ፊት፣ ሴቶች ኋላ። መሐል ላይ ሳጥን።

ቀብሩ ወጥቷል።

ጎባ ውስጥ ሬሳ ያየ ሹፌር መኪናውን ያጠፋል፣ ወርዶ ራሱን ገልጦ እስኪያልፍ ይቆማል። ባለሥልጣንም ይሁን የጭነት ሹፌር፣ ለቀስተኛን ጥሶ ያለፈ የለም። ኃይለየሱስ ፍሬን ያዘ።

ጋሽ ባዳሳ ጥሩምባውን በአንድ እጁ ይዞ፣ የሳጥኑን ፊት በትከሻው ተሸክሞ ነበር። ላንድክሩዘሩን አየ። ፊቱ በራ።

«ኃይሌ መጣ! ልጃቸው ደረሰ! መንገድ ስጡት!»

ሰዉ ለሁለት ተከፈለ። ለማንም የማይከፈት መንገድ ለሱ ተከፈተ። መኪናዋ በሰው መሐል ቀስ ብላ ገባች። ሴቶቹ ሲያዩት ልቅሷቸው ጨመረ። ሳጥኑ በመስኮቱ አጠገብ፣ እጁን ቢዘረጋ በሚነካው ርቀት ላይ ቆመ።

«ና ውረድ» አለው ጋሽ ባዳሳ። «ቦታህን ይዤልህ ትከሻዬ አለቀ!»

መስታወቱ ውስጥ ግራጫው መኪና ደረሰ።

ኃይለየሱስ ሳጥኑን አየ። ያለበሱትን ጨርቅ ያውቀዋል። የገዛው እሱ ነው፣ ለገና።

«ይቅርታ፣ ጋሽ ባዳሳ።»

«ምን አልክ?»

እግሩ ነዳጁን ረገጠ።

የመጨረሻው ሰው ከፊቱ ገለል አለ። ከኋላው ሰዉ እንደ ውሃ ተመልሶ ገጠመ። የግራጫው መኪና ጥሩምባ ሲያንባርቅ ሰማ። የሰው ቁጣም ሰማ።

«ውረድ! ሬሳ አይታይህም? የማን ባለጌ ነው! ውረድ አልኩህ!»

እነዚያ እዚያው ቀሩ። ወይዘሮ ወለተኢየሱስ እንደ ልማዳቸው የኃይሌ መኪና እስክትገባ በሩን ከፍተው ጠበቁ፤ ሲያልፍ ከኋላው ቀረቀሩት።

ከሁሉ ድምፅ ግን አንዱ እስከ ሮቤ ተከተለው። የጋሽ ባዳሳ ነበር። ቁጣ አልነበረበትም። ግራ የገባው ሰው ድምፅ ነው።

«ኃይሌ! ኸረ ወዴት ነው?»

ለክፉ ቀን የተሰጠው ስልክ ቁጥር አንድ ነበር። ጅብራም አያውቀውም። ደወለ። «አስታ ነኝ። ጅብራ ደርቋል፤ በልጁ አስፈራርተው አስከድተውታል። ለልጅቷ ድረሱላት» አለ። ከሮቤ ወጣ ብሎ፣ የስንዴ ማሳ ዳር፣ ሁለት ሴቶች ያሉበት መኪና መጥቶ ፌበንን ተቀበላት።

ፌበን ከመግባቷ በፊት ተመለሰች።

«ያ ለቅሶ» አለች። «የማን ነበር?»

«የእናቴ።»

አፏን በእጇ ያዘች። በሩ ተዘጋ።

ፌበን ፍርድ ቤት ውስጥ ከመጋረጃ በስተኋላ ሆና ተናገረች። ጅሩ ተፈረደበት። ጅብራን ሐይቁ ዳር ተቀምጦ አገኙት፤ አልሸሸም፣ ልጁም ተርፋለች። ይህን ሁሉ ኃይለየሱስ የሰማው ሌላ ከተማ ሆኖ፣ በሌላ ስም ነው። ጎባ ተመልሶ መሄድ አይፈቀድለትም። መቃብሩ የት በኩል እንደሆነ አያውቅም። እዚያ ሰፈር ግን ስሙ ይነሳል። እናቱን ጥሶ የሄደው ሹፌር።

አሁን ቆላ ከተማ ነው ያለው። ስልክ ይጠግናል። ሲመሽ የሚገባበት ግቢ በር ቀድሞ ይቀረቀራል፤ በራሱ ቁልፍ ይከፍታል።

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ጥሩምባ ተነፋ። የሞቱትን ሰው አያውቃቸውም። ተነሳ፣ ታጠበ፣ ጥቁር ለበሰ። ሳጥኑ ሲወጣ ቀደመና ፊት በኩል ትከሻውን አስገባ። የግራ ክንዱ ያመዋል።

«አዲስ ነህ መሰለኝ» አለው አብሮት የተሸከመው ሰውዬ። «ዘመድ ነህ?»

«ጎረቤት።»

«ስምህ ማነው?»

አንድ ስም ነገረው።

ቤተ ክርስቲያኑ ሩቅ ነበር። በየመንገዱ ወጣቶች እየመጡ «አምጣ ጋሼ፣ ልቀበልህ» አሉት።

ለማንም አልሰጠም።