በካርትያያኒ ግቢ የተለቀቁት ዶሮዎች

የኬላው የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ዳሞዳራን ሞተው የተገኙት የህንዱን የኬረላ ግዛት ከታሚልናዱ ግዛት በሚለየው ቦይ ውስጥ ነው። ጭንቅላታቸው ድንጋይ ላይ አርፏል። ከበላያቸው፣ ለእግረኛ በተጋደመው ጣውላ ጫፍ፣ አፉ የታሰረ የዶሮ ቅርጫት ተቀምጧል።

ከቦዩ ማዶ የዶሮ በሽታ ገብቷል ተብሎ፣ ያለ ፈቃድ አንዲት ጫጩት እንኳ እንዳትሻገር ታዟል። ፈቃድ ሰጪው ደግሞ ሟቹ ነበሩ።

ኢንስፔክተር ሻንታኩማሪ ጠዋት ስትደርስ ጣት ሁሉ የተቀሰረው ቤቷ ቦዩ ዳር ባለው ባልቴት በካርትያያኒ ላይ ነበር።

«ከማዶ ዶሮ አሾልካ ስታመጣ ዶክተሩ ይዘዋት ነው» አለ የኬላው ጥበቃ ቫሱዴቫን። «ይልቅ እነዚህ ዶሮዎች አሁኑኑ ይቃጠሉ። በሽታው አይምርም።»

«የኔዎቹ ግቢዬ ናቸው፣ የኔ ልጅ» አለች ባልቴቷ። «እኔን እሰሪኝ፣ ግድ የለም። እነሱን ብቻ እንዳይነኩብኝ። ከነሱ ሌላ ማን አለኝ?»

ሻንታኩማሪ ወደ ዶሮ ነጋዴው ወደ ሚራን ራውተር ዞረች።

«ሃጂ፣ ከሟቹ ጋር ተጣልተው ነበር አሉ።»

«ፈቃድ ከልክሎኝ ዶሮዬ መኪና ላይ በሙቀት አለቀ! ታዲያ ልሳምለት? ግን እኔ በብረት ሳጥን ነው የምጭነው። ቅርጫት ተሸክሜ የምዞር መሰልኩሽ እንዴ?»

«አንተስ ቤትህ የት ነው?» አለችው ጥበቃውን።

«ማዶ፣ ያቻትና ቀይ ጣራዋ።»

«ስትገባ ስትወጣ ማን ይፈትሽሃል?»

«ጥበቃን ደግሞ ማን ይፈትሻል!» ብሎ ሳቀ። ሌላ የሳቀ አልነበረም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁሉንም ባልቴቷ ግቢ ሰበሰበቻቸውና የቅርጫቱን አፍ ፈታች።

«ዶሮ ሲመሽባት የለመደችውን ቆጥ ትፈልጋለች። የእማማ ከሆኑ እዚሁ ይገባሉ። የሃጂ ከሆኑ አገሩን አያውቁትምና ይባዝናሉ።»

«በሽተኛ ቢሆኑስ?» አለ ቫሱዴቫን። በዚያን ቀን ከተናገረው ሁሉ መሰማት የነበረበት ይህ ነበር፤ የሰማው ግን የለም።

ዶሮዎቹ ውሃ ጠምቷቸው ኖሮ ከባልቴቷ ዶሮዎች ጋር እየተጋፉ ከገንዳዋ ጠጡ። ከዚያ የባልቴቷ ወደ ቆጣቸው ሲወጡ፣ የቅርጫቱ ዶሮዎች ግን ጣውላውን ተከታትለው ተሻገሩ። ከቀይ ጣራው ቤት አንዲት ሴት ብቅ አለች።

«ባ ባ ባ! የት ነበራችሁ እናንተ?» ብላ ጠራቻቸውና በር ከፈተችላቸው።

«ሚስትህ ናት» አለች ሻንታኩማሪ። «እዚህ ዋጋው ስለሚሻል ዶሮህን ያለ ፈቃድ ታሻግራለህ። ትናንት አመሻሽ ዶክተሩ ጣውላው ላይ ያዙህ። ሥራህን እንደምታጣ ስታውቅ ገፋኻቸው፣ ቅርጫቱን ትተህ በእማማ ላከክህ። ከጠዋት ጀምሮ ይቃጠሉ ያልከውም ቤትህን እንዳያሳዩብህ ነው።»

«ዶክተሩ ይሞታሉ አላልኩም» አለ ቫሱዴቫን መሬት መሬቱን እያየ።

ባልቴቷ እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። ያኔ በሟቹ ቦታ የተላከው ወጣት ሐኪም ጉሮሮውን ጠረገ።

«ኢንስፔክተር፣ የማዶዎቹ ከዚህ ገንዳ ጠጥተዋል። ፈቃድ ነበራቸው?»

«እኔ ነኝ የለቀቅኳቸው።»

«ማንም ይልቀቃቸው። ያለ ፈቃድ የተሻገረ ዶሮ የገባበት ግቢ ዶሮው በሙሉ ተገድሎ ይወገዳል። እኔ ብተወው ሌላ ሰው መጥቶ ያደርገዋል።»

ሻንታኩማሪ አለቃዋ ጋ ደወለች፣ የሐኪሙም አለቃ ጋ ደወለች። ለመነች፣ ጮኸች። መልሱ አንድ ነው። ነፍሰ ገዳይ በአንድ ቀን የያዘች ሴት አንዲት ዶሮ ማስጣል አቃታት፣ በገዛ እጇ የፈታችው የቅርጫት ገመድ ጣቷ ላይ እንደተጠመጠመ ቀረ።

«እኔ እንግዲህ ነፃ ነኝ?» አለች ካርትያያኒ።

«ነፃ ነዎት፣ እማማ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ሲነጋ ነው የሚወስዷቸው?»

ሐኪሙ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

ካርትያያኒ ወደ ዶሮ ቤቱ ሄደች። ጎንበስ ብላ አየቻቸው፤ ሁሉም ቆጣቸው ላይ ሰፍረዋል። ከዚያ እንደ ወትሮዋ ሸለምጥማጥ እንዳይገባባቸው በሩን ዘግታ ድንጋይ አስደገፈችበት።