የፀጋ ክሮች

እንቁ ምላ አታውቅም።

ይሄን ግን ምላ ነው የነገረችኝ።

ሐምሌ ነው። ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ያለች አንዲት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ።

የእንቁ ሥራ ያረጁ ቅርሶችን መጠገን ነው። የዚያን ቀን ጠረጴዛዋ ላይ ሰባት የእንጨት አሻንጉሊቶች ነበሩ። በክር የሚንቀሳቀሱ ናቸው። አሻንጉሊት ሠሪው አቶ ገብረሃንስ በእጃቸው ጠርበው፣ ልብሳቸውንም ሰፍተው የሠሯቸው። እሳቸው ሲያርፉ ልጃቸው ፀጋ ተበላሽተው እንዳይቀሩ ብላ ለቤተ መጻሕፍቱ ሰጠች።

ፀጋ አጠገቧ ተቀምጣ የእያንዳንዱን ስም ታስመዘግባለች።

ቢጫ ቀሚስ የለበሰችው ላይ ሲደርሱ ፈገግ አለች።

"ይቺ እኔ ነኝ።"

ሰባት ዓመቷ ሳለ አባቷ እሷን እያዩ እንደሠሯት ነገረቻት። ሌላ ሰው እንዲነካት አይፈቅዱም ነበር። ክሯንም ሳያረጅ ራሳቸው ይቀይሩት ነበር።

አሁን ክሩ በስብሷል።

እንቁ የአሻንጉሊቷን ግራ እጅ የያዘውን ክር በመቀስ ቆረጠች።

የፀጋ ስልክ ወለሉ ላይ ወደቀ...

ግራ እጇ ጭኗ ላይ ተዘርሯል። ልታነሳው ሞከረች። እምቢ አላት።

"ደንዝዞ ነው" አለች። ድምፅዋ ግን ተቀይሯል።

እንቁ ቶሎ ብላ አዲስ ክር አሰረች። ምንም ለውጥ የለም።

ሌላ ክር ብጥስ አለ። ማንም አልነካውም።

የፀጋ ቀኝ እግር ከወንበሩ ሥር ተንሸራተተ።

ቀጥሎ የአሻንጉሊቷን ራስ የያዘው ክር መሳሳት ጀመረ...

"እንቁዬ... ያዢው።"

እንቁ በሁለት እጇ ያዘችው። ክሩ ግን ጣቶቿ መሃል እንደ አመድ ፈረሰ።

የፀጋ ራስ ደረቷ ላይ ወደቀ።

አምቡላንስ መጥቶ ወሰዳት። ሐኪሞቹ የጭንቅላት ደም ሥር ተዘግቶ ነው አሉ። እንቁ ሌላ ምን ታድርግ? እያለቀሰች ክሮቹን ሁሉ ቀየረች። አሻንጉሊቷን ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፈችባት። ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

በሦስተኛው ሳምንት ፀጋ ድና ቤቷ ገባች ተባለ። እንቁ እሑድ ረፋድ ላይ ልትጠይቃት ሰሚት ሄደች።

በሩን የከፈተችው ራሷ ፀጋ ናት። በእግሯ ቆማ።

እንቁ ደስ ብሏት ልታቅፋት ስትል የፀጋ ግራ እጅ ተነሳ...

መጀመሪያ የተነሳው የእጇ አንጓ ነው። ጣቶቿ ወደ ታች ተንጠልጥለዋል።

"አሻንጉሊቷን ማን ነው የያዛት?" አለች ፀጋ በሹክሹክታ።

እንቁ ቦርሳዋን ዳሰሰች። ቁልፉ አለ።

"ማንም።"

ፀጋ አላለቀሰችም። አልጮኸችም። እንቁን ታያለች...

ተረከዞቿ ከወለሉ ላይ ቀስ እያሉ ሲነሱ።