ለቆመ ሰው የወረደ ሙሾ

ይህን ታሪክ ከማንም አልሰማሁትም። ዓይኔ ያየውን፣ ጆሮዬ የሰማውን ነው የምጽፍላችሁ።

ማመን ያቃተው አይመን። ብቻ ሞያሌ ይምጣ፤ በኬንያ በኩል ሞተር ሳይክሎቹ የሚቆሙበት ቦታ ሄዶ አብዱብ የሚባለውን ልጅ ይፈልግ። የፊት ጥርሶቹን ማን እንዳረገፋቸው ይጠይቀው።

ጊዜው ሌሊት አልነበረም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ጠራራ ፀሐይ። ዶሮ እንኳ ጥላ ፍለጋ ከቆርቆሮ አጥር ሥር የምትጋደምበት ሰዓት...

እታለማሁ እባላለሁ። እዚያው ሰፈር፣ ከሱቆቹ ጀርባ ባለች ግቢ ውስጥ ከታናሽ ወንድሜ ከደምለው ጋር እኖር ነበር።

እሱ ዘፋኝ፣ እኔ አልቃሽ።

ሰው በዚህ ይስቅብን ነበር። ሰርግ ሲሆን እሱን፣ ለቅሶ ሲሆን እኔን ይጠራሉ። "ከነዚህ ቤት ሁሉም ይገኛል" ይላሉ።

ማልቀስን ማንም አላስተማረኝም። እናታችን ስትሞት ጀመርኩት። ከዚያ ወዲህ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ሐዘን ሲኖር ይልኩብኛል።

አንድ ሕግ አለኝ። ቤቴ ውስጥ ዜማ ስለማመድ የሰው ስም አልጠራም። የስሙ ቦታ ላይ ስደርስ ዝም እላለሁ። ትንፋሽ ያህል ባዶ ትቼ አልፋለሁ።

በቆመ ሰው ስም ሙሾ አይወርድም። በቀልድም ቢሆን አይወርድም።

ደምለው ይህን ያውቃል። ያቺን ባዶ ቦታ እየሰማ ነው ያደገው።

የእሱ ኑሮ ግማሹ መንገድ ላይ፣ ግማሹ ስልክ ውስጥ ነበር። ሰርግ በሌለበት ቀን ከምሳ በኋላ ይወጣል። ፀጉር አስተካካዩ ዴኒስ ጋ ጎራ ይላል። ካልቱማ ጋ ወተት የበዛበት ሻይ ይጠጣል። ከዚያ ጓደኛው አብዱብ በሞተሩ ጭኖ ወደ ሄሉ መንደር ይወስደዋል። እንዲሁ ለነፋሱ።

ይህን ሁሉ ሲያደርግ ማዳመጫው ከጆሮው አይወርድም።

ስልኩ ውስጥ ቤት ነበረው። እንደ ካርቱን የተሳለ ቤት። የሚገባ ሰው ሁሉ የራሱን ምስል ይመርጣል፣ ያለብሰዋል፣ ወንበር ይዞ ይቀመጣል። ቤሩት ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ፣ ናይሮቢ ያለ ሹፌር፣ ሐዋሳ ያለ ተማሪ... በድምፅ ያወራሉ። ደምለው ሲዘፍንላቸው ምስሎቻቸው ያጨበጭባሉ።

"ቤቴ ሞላ እኮ፣ እትዬ" ይለኛል።

ግቢውን ዞር ዞር ብዬ አይና "ታዲያ ውኃ የሚቀዳልኝ የታለ?" እለዋለሁ። ይስቃል።

አንድ ሰሞን ወደዚያ ቤት አዲስ እንግዳ መምጣት ጀመረች።

ስም የላትም። ሌሎቹ ከራሳቸው በላይ ስማቸው ተጽፏል። ከእሷ በላይ ምንም የለም።

ነጠላ ለብሳለች... አዘቅዝቃ። እንደ ሐዘንተኛ።

ደምለው ራሱ ነው ያሳየኝ። እዚያ ውስጥ ከሚመረጡት ልብሶች መሐል ጂንስ አለ፣ ካፖርት አለ፣ ቬሎ አለ። ነጠላ የለም። ጎበዝ ናት፣ ራሷ ሠርታው ይሆናል አለኝ።

አታወራም። አታጨበጭብም። ጥግ ይዛ ትቀመጣለች።

አንድ ቀን ብቻ፣ ደምለው ከካልቱማ ጋ ተነስቶ መንገድ ላይ ሳለ፣ ማዳመጫው ውስጥ በሹክሹክታ አናገረችው።

"ሻይህን አልጨረስከውም።"

ካሜራ አልከፈተም ነበር። የት እንዳለም ለማንም አልተናገረም።

ይህን ሲነግረኝ እየሳቀ ነው። የሰፈር ልጅ ናት፣ እያሾፈችብኝ ነው፣ አንድ ቀን እይዛታለሁ አለ።

እኔ አልሳቅሁም።

ያ ቀን መጣ።

እኔ ግቢ ውስጥ በርበሬ እቀነጥሳለሁ። ደምለው በሩ ላይ ኪቦርዱን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ስልኩ ከፊቱ ነው፤ ቤቱ ሞልቷል፤ ሳቃቸው እስከ እኔ ይሰማል።

የቤሩቷ ልጅ እህትህ አልቃሽ ናት ይባላል፣ እስቲ እንዴት እንደሆነ አሰማን አለችው። ሌሎቹም አሰማን አሉ።

የእኔን ዜማ ጀመረ። በኪቦርድ። እያሾፈ፣ ድምፁን እንደ አሮጊት እያንቀጠቀጠ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

የስሙ ቦታ ላይ ሲደርስ እንደ እኔ ዝም አለ።

ያን ጊዜ ነው እንግዳዋ የተናገረችው።

"ባዶውን ሙላው።"

"በማን ልሙላው?"

"በራስህ።"

በርበሬውን ጥዬ ተነሳሁ። አልደረስኩም።

"ደምለው..." ብሎ ሞላው። እየሳቀ።

እንግዳዋ ከአፉ ተቀበለችው። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ የለቅሶ ቤት ድምፅ ነው። ስንቱን ስቀብር ኖሬ እንደዚያ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

*ጣቱ ከኪቦርድ ላይ ማር ያዘንብ ነበር፣*
*ምን አገኘው ዛሬ እንደ ጭራሮ ሲሰበር?*

ሳቁ ቆመ።

ምስሎቹ በሙሉ እጃቸውን አነሱ። ደረታቸው ላይ አሳረፉት። ከዚያ መምታት ጀመሩ።

ዱም... ዱም... ዱም...

"ይህን የሚያደርግ ቁልፍ የለውም እኮ" አለ ደምለው። ቀስ ብሎ።

ስልኩን ነጥቄ አጠፋሁት። አፌ ያመጣልኝን ሁሉ ተናገርኩት፤ በገዛ አፍህ ሞትህን ጠራህ ብዬ ተቆጣሁ። እሱ ግን ቶሎ ወደ ሳቁ ተመለሰ፤ ጨዋታ ነው፣ ልጆቹ አንድ ነገር አበላሽተው ነው አለ። ደጅ የአብዱብ ሞተር ጥሩንባ ነፋ።

ስልኩን አልሰጥህም አልኩት።

"ያዢው እትዬ። አንድ ቀን ያለ ስልክ ብወጣ አልሞትም።"

ወጣ።

ሩቅ አልሄደም።

ከሱቁ ፊት ሽንኩርት የሚያራግፍ ሎሪ ቆሟል። ደምለው በኋላው በኩል ሲያልፍ እጁን ጠርዙ ላይ ደገፍ አደረገ። የኋላ በሩ ወረደበት።

ጩኸቱን ሰምቼ ስወጣ የቀኝ እጁ ጣቶች በብረቱ መሐል ነበሩ። አብዱብ በሩን በትከሻው አነሳው። ጣቶቹ ወጡ... ግን ጣት አይመስሉም ነበር። ነጭ አጥንት አየሁ።

አራጋፊው ሰውዬ መቀርቀሪያውን እንደያዘ ቆሟል። አልነካሁትም፣ አልነካሁትም ይላል። ፊቱ በእንባ ርሷል። አገጩ ላይ የደረቀ የእንባ ጨው አለ። ከአደጋው በፊት ሲያለቅስ የቆየ ሰው ይመስላል።

አብዱብ ሽርጡን ፈትቶ እጁን ጠመጠመለት። "ፖሌ ወንድሜ፣ አይዞህ፣ ፖሌ" እያለ ያባብለዋል። ሞተሩ ላይ አውጥቶት ወደ ክሊኒክ ሄዱ።

እኔ ጫማ ላደርግና ልከተላቸው ተመለስኩ።

ቤት ውስጥ ሰው ያወራል።

ያጠፋሁት ስልክ በርቷል። ቤቱ ሞልቷል። እንደዚያ ሞልቶ አያውቅም፤ ወንበር ያጡት ግድግዳውን ይዘው ቆመዋል።

መሐል ላይ የደምለው ምስል ተቀምጧል። ቀኝ እጁ ተንጠልጥሏል።

ተንበረከክሁ። ለስልክ ተንበረከክሁ። ወንድም ያለው ይፍረድብኝ።

"ሙሾውን መልሺው" አልኳት።

"ወርዷል።"

"በእኔ ስም ይሁን። እታለማሁ በይ... እኔ ልሂድ።"

እንደ እናት አባበለችኝ።

"አንቺማ ትቆያለሽ። ያለ አልቃሽ ለቅሶ አለ?"

እያየኋት ቀጠለች።

*ወዳጁ ብዙ ነው፣ ቤት ሙሉ፣ ደጅ ሙሉ፣*
*ግንባሩ ሲፈለጥ ወዴት ሄዱ ሁሉ?*

በባዶ እግሬ ወደ ክሊኒኩ ሮጥኩ።

ሱቆቹ ክፍት ናቸው፤ ውስጣቸው ሰው የለም። አንድ ፍየል ጫት ሻጯ ጥላው የሄደችውን ጫት ይበላል። የሚከለክለው የለም።

መንገድ ላይ፣ የሞተሮቹ መቆሚያ ጋ ስደርስ ሰው ክብ ሠርቷል።

በዚህ አገር መንጋ ሰውን ሲደበድብ አይቻለሁ። ሁልጊዜ ሌባ ብሎ የሚጮህ አለ። ሁልጊዜ ስልኩን ከፍ አድርጎ የሚቀርጽ አለ።

ያን ቀን ማንም አልጮኸም። ማንም አልቀረጸም።

የሚሰማው ምቱ ብቻ ነው።

ዱም... ዱም... ዱም...

ትከሻ ለትከሻ ሰንጥቄ ገባሁ።

ደምለው መሬት ላይ ነው። ከበላዩ ዴኒስ ድንጋይ ይዞ ቆሟል፤ በየጊዜው ያንን ፀጉር የሚያስተካክለው ዴኒስ። ካልቱማ የሻይ ጀበናዋን በሁለት እጅ ይዛለች። ጀበናው ይጨሳል፤ የወንድሜ አንገት ቆዳ ተልጧል። ሌሎቹም በየቀኑ ሰላም የሚሉት ናቸው። ሰንሰለት የያዘ አለ። ሚዛን የያዘ አለ።

ሁሉም ያለቅሳሉ።

እጃቸው አብሮ ይነሳል። አብሮ ይወርዳል። ከዚያ ትንፋሽ ያህል ያርፋሉ... እና እንደገና።

አብዱብ የደምለውን እግር አቅፎ ወድቋል። አፉ ደም ሞልቷል።

"ዳዳ... እህቴ... አይሰሙኝም" አለኝ። "በስማቸው ጠራኋቸው። አይሰሙም።"

ጎተትኳቸው። ነከስኳቸው። የካልቱማን እጅ ያዝኩ፤ እንደ ብረት ነው።

ያን ጊዜ አንድ ነገር መጣልኝ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ፈጽሞ የማይደረግ አንድ ነገር አለ።

እልል አልኩ።

እንደ ሙሽራ እናት፣ በወንድሜ ደም ውስጥ ቆሜ፣ ባለኝ ትንፋሽ ሁሉ እልል አልኩ።

እጆቹ አየር ላይ ቆሙ።

ደምለው አንድ ዓይኑን ገለጠ። ሌላኛው አልነበረም። ዙሪያውን አየ፤ ዴኒስን አየ፤ ካልቱማን አየ።

"እትዬ... እነዚህ ያውቁኛል እኮ።"

ልመልስለት አልቻልኩም። ካቆምኩ እጆቹ ይወርዳሉ።

ደረቴ ተቃጠለ። ዓይኔ ጨለመ። እልልታው ቀጠነ... ቀጠነ...

ትንፋሼ አለቀ።

እጆቹ ወረዱ።

ፖሊሶች መጥተው ወደ ሰማይ ሲተኩሱ ሁሉም ቆሙ። የያዙትን ጣሉ። እንደ ነቃ ሰው እጃቸውን ማየት ጀመሩ። ካልቱማ ወደ እኔ ዞረች።

"ማነው ይሄ?" አለችኝ። "ምን ሆኖ ነው?"

ይህን ስትጠይቀኝ የሻይዋ ወተት ከወንድሜ ደም ጋር ተቀላቅሎ እግሯ ሥር እየፈሰሰ ነው።

ፖሊሶቹ ጥቂቶቹን ወሰዱ፤ መልሰው ለቀቋቸው። ማን እንደጀመረው የሚናገር ጠፋ። ማንም ምንም አያስታውስም። እኔም አመንኳቸው... ዓይናቸውን አይቻለሁና።

ለቅሶ ድንኳን ሲተከል መጀመሪያ የመጡት እነሱ ናቸው። ዴኒስ ሳጥኑን ከፊት ተሸከመ። ጥፍሩ ሥር ያለው ደም ገና አልለቀቀም ነበር።

ሴቶቹ እኔን ጠበቁ። አልቃሿ እኔ ነኝ። የገዛ ወንድሟን በምን ሙሾ ትሸኘው ይሆን ብለው ጠበቁ።

አፌን አልከፈትኩም። ሐዘን አደረቃት አሉ።

አይደለም። ያ ሙሾ የሚጎድለው አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ ገብቶኛል። የእኔ ድምፅ ነው የሚጎድለው። ስሙን በዜማ ከጠራሁ ለሷ ጨረስኩላት ማለት ነው።

ስልኩን በሙቀጫ ዘነዘና አድቅቄ ሽንት ቤት ጣልኩት።

ከዚያ ወዲህ ለማንም አላለቀስኩም። ይልኩብኛል፤ አልሄድም። ለወንድሜ ሙሾ ነፈግሁት። እንዲህ ቁጭ ብዬ የምጽፍለትም ለዚህ ነው። ጽሑፍ ዜማ የለውም።

አሁን ዘጠኝ ሰዓት ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል።

ከጥቂት ደቂቃ በፊት ደጅ ጭር አለ። ሞተሮቹ ዝም አሉ። ተነስቼ በቆርቆሮው ቀዳዳ አየሁ።

በራችን ፊት ቆመዋል። ዴኒስ አለ። ካልቱማ አለች። የሎሪው ሰውዬ አለ። ከኋላቸው መንገዱ እስከ ጥጉ ሰው ነው።

አብዱብም አለ። ከሁሉም ፊት። አብዱብዬ ብዬ በቀዳዳው ጠራሁት። አልሰማኝም።

እጃቸው ደረታቸው ላይ ነው። አይመቱም። እንድጀምር ይጠብቃሉ።

መሐላቸው የአንድ ሰው ቦታ ክፍት ትተዋል። እዚያ ማንም አልቆመም።

ክፍቱ ቦታ ላይ ግን፣ አፈሩ ላይ፣ ነጠላ ያዘቀዘቀች ሴት ጥላ አለ።

ጥላው ደረቱን እየመታ ነው።