አሥራ አራተኛው ስም

የወደቁትን የስም ዝርዝር ያቆዩት ሽማግሌ አያ ዕንባቆም ከጣሊያኑ ምሽግ ግንብ ውጭ፣ ገደሉ ሥር ሞተው የተገኙት የአርበኞቹ መታሰቢያ ድንጋይ ሊቆም አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ኢንስፔክተር ሰርካለም ከጎንደር ተነሥታ ከድብ ባሕር በላይ ካለው አምባ ስትደርስ ጉሙ ገና አልተገፈፈም። ነፋሱ የድንኳኑን ሸራ ያርገበግበዋል፤ ለነገው በዓል የመጣው ሰው ይቀመጣል፣ ይነሣል፣ ደግሞ ይቀመጣል።

«አዳልጧቸው ነው የወደቁት» አላት ሚሊሻው።

ሰርካለም ግንቡን ተጠግታ ቆመች። ደረቷ ድረስ መጣ።

«ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ይህን በማዳለጥ አይሻገሩትም» አለችና ወደ በሩ ተመለሰች።

ከበሩ ውጭ የሟቹ የላስቲክ ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ከውስጥ፣ የሌሊቱ ዝናብ ባራሰው ጭቃ ላይ፣ የሁለት ሰዎች የባዶ እግር ዱካ ወደ ግንቡ ይሄዳል። የተመለሰው አንዱ ብቻ ነው፤ ትልቁ። በመመለሻው ላይ ከጭቃው ብቅ ያለ የዛገ ሽቦ አለ፤ ከዚያ ወዲህ የቀኙ ተረከዝ ባረፈበት ሁሉ ደም ይታያል።

ከሟቹ ጋር በድንጋዩ ላይ በሚቀረጹት ስሞች ጉዳይ ሲመላለሱ የሰነበቱት ሦስት ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ ያነጋገረችው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ማራኪ ግቢ፣ ታሪክ የሚያስተምረውን አስናቀውን ነው።

«ትናንት ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«በጫማ ገባህ ብለው በከዘራ ሊሉኝ ነበራ! ምሽጉን ለመያዝ ሲዋጉ የወደቁት እዚያው ግቢ ውስጥ ነው የተቀበሩት፤ ያገሩ ሰው በጫማ አይረግጠውም። እኔ ግን እግሬን እወደዋለሁ፤ መሬቱ ሁሉ የኮሸሽላ እሾህ ነው።»

«ዛሬ ጠዋትስ?»

«ተኝቼ ነበር። ምስክር የለኝም።» ስልኩን ከኪሱ አወጣ፣ መለሰ፣ እንደገና አወጣ። «የስሞቹን ዝርዝር ከመጣላታችን በፊት ፎቶ አንሥቼው ነበር። ይህን ማንም አያውቅም።»

ሰርካለም ሁለት ጊዜ አነበበችው። ለማንም እንዳይናገር አስጠንቅቃው፣ ስልኩን ይዛ ወጣች።

ሐጂ ሷሊሕ የፒያሳ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ አያታቸው ለአርበኞቹ ጥይት በበቅሎ ያመላልሱ ነበር።

«ድንጋዩን ጭኜ ከጎንደር መድረሴ ነው፤ ሾፌሩን ጠይቂው። መንገዱን ሙሉ ሚስቱን ሲያማልኝ ነው የመጣው።»

«ምሽጉ ሲገቡ ጫማ ያወልቃሉ?»

«መስጊድ ደጅ የማወልቀው እዚህ ምን ይከብደኛል፣ ልጄ?»

ሦስተኛው ሙሉሰው ነው፤ ገበሬ፣ የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ። አያቱ ግራዝማች መዝሙር ምሽጉ በተያዘ ዕለት በሩ ላይ ወደቁ እየተባለ አገሩ በስማቸው ይምላል።

«ምነው እህቴ፣ እኔ ከሰኞ ወዲህ ምሽጉን አልረገጥሁ። ከበሬዎቼ ጋር ነበርሁ። አያ ዕንባቆም ሸጋ ሰው ነበር።»

ሲናገር ክብደቱን ሁሉ በግራ እግሩ ላይ ጥሎ ነበር።

ቀትር ላይ ሦስቱን በሩ ፊት ሰበሰበቻቸው። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ስለሆነ ለመስማት ተጠጉ።

«ዝናቡ ያባራው ንጋት ላይ ነው፤ ስለዚህ ዱካው የዛሬ ጠዋት ነው። ያን ጊዜ ሐጂ መንገድ ላይ ነበሩ፤ ሾፌራቸውም የኬላው ጥበቃም መስክረዋል። መምህር አስናቀው ደግሞ ቢገድል ጫማውን እንዳደረገ ነበር የሚገድለው።»

«አመሰግናለሁ» አለ አስናቀው፣ መመስገኑ ይሁን መሰደቡ ሳይገባው።

«ገዳዩ ግን ተናዶ፣ ሽማግሌውን ተከትሎ ሲገባ እንኳ በሩ ላይ ቆም ብሎ ጫማውን አወለቀ። ከልጅነቱ የለመደ ሰው ነው እንዲህ የሚያደርግ።» ዘወር አለች። «አያ ሙሉሰው፣ ለምን አወለቁ?»

«ታዲያ ባባቶቼ አጥንት ላይ በጫማ ልቁም?»

የተናገረውን እሱ ራሱ የሰማው ከሌሎቹ በኋላ ነው። ሐጂ ሷሊሕ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀኝ ጫማዎን ያውልቁ ስትለው አልተከራከረም፤ ተረከዙ የታሰረበት ጨርቅ ደም ጠጥቷል።

«የዛገው ሽቦ ነው» አለች። «የገደሉበት ምክንያት ደግሞ ዝርዝሩ ነው።»

«የምን ዝርዝር? ተቃጥሏል እኮ!»

«ያቃጠሉት ወረቀቱን ነው።» የአስናቀውን ስልክ አነሣች። «የአያ ዕንባቆም አባት የጻፉት ነው። አሥራ ሦስት ስም አለ። አሥራ አራተኛው ተሰርዞ ከጎኑ ‹ከጣሊያን ጋር ሆኖ መትረየስ ሲተኩስብን ሞተ› ተብሎ ተጽፏል። የተሰረዘው ግራዝማች መዝሙር ነው።»

ሙሉሰው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ጠዋት ለመንሁት። ሰማንያ ዓመት የኖረ ስም ነው፣ የባንዳ ልጅ አታሰኘን አልሁት። ሐቁን ይዤ አልቀበርም አለ። ወረቀቱን ስቀማው ተንገዳገደና...»

«ግንቡ ደረት ድረስ ነው። አንሥተው ነው የወረወሯቸው።»

ሙሉሰው ቀና አለ።

«እኔን ውሰጂኝ። ዝርዝሩን ግን ከስልኩ አጥፊልኝ፣ እህቴ። ልጆች አሉኝ።»

«ማስረጃ ሆኗል፤ አይጠፋም። ችሎት ላይ ይነበባል።»

«ሕዝብ ባለበት?»

«ችሎቱ ክፍት ነው።»

ሙሉሰው ወደ ድንኳኑ ተመለከተ። ሰዉ ቆሞ ወደነሱ ያያል።

«የሚያነበው ሰው» አለ ቀስ ብሎ፣ «ጮክ ብሎ ነው የሚያነበው?»

«ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ» አለችው ሰርካለም።